ጣታችንን እረሙልን ያለ ማን ነው?

የሀገራችንን ዘመናዊ ሙዚቃ የገደለው ማሽን ነው የሚለው ክስ ከተመሠረተ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ከሳሾቹ የሚጠቅሱት ማስረጃም ሁልጊዜ አንድ ነው። ስምንትና ዘጠኝ ሰው የነበረበት ባንድ ተበተነ፤ በቦታው አንድ ሰውና አንድ ኪቦርድ ቆሙ፤ ከበሮው ከቆዳ ወደ ቺፕ ተዛወረ፤ ከዚያ ወዲያ ዘፈኑ ሁሉ አንድ ዐይነት ሆነ ይላሉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የመጨረሻውን ቃል አይክድም። ብዙው ዘፈን በእርግጥም አንድ ዐይነት ሆኗል። ጥፋተኛው ማሽኑ ነው ማለት ግን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለውን ተረት መድገም ነው። ዳውላው ማሽኑ ነው። አህያው ደግሞ ማሽኑን ከፍተን የመቅጃዋን ቁልፍ እስክንጫን ባለችው ግማሽ ደቂቃ ውስጥ የምናደርገው፣ ይልቁንም የማናደርገው ነገር ነው።

ወደዚህ ጉዳይ የገባሁት ሙዚቀኛ ሆኜ አይደለም። እንጀራዬ ትርጉም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለወጣቶች የሙዚቃ ሥልጠና የሚሰጥ አንድ ድርጅት የአንድ ሲኩዌንሰር የአጠቃቀም መመሪያ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስለት ጠየቀኝ። ማሽኑ 16 የላስቲክ መምቻዎች የተደረደሩበት፣ ከበሮም ሆነ ሌላ ድምፅ በጣት እየመቱ የሚቀዱበት፣ ኮምፒዩተር ሳይፈልግ ራሱን ችሎ የሚሠራ ሣጥን ነው። በዐይኔ ያላየሁትን ዕቃ መተርጎም አልወድምና ረቂቄን ይዤ ወደ ሥልጠናው ክፍል ሄድኩ። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ እዚያ ያየሁት ነገር ነው።

ሃያ ዓመት ቢሞላው የማይደንቅ አንድ ወጣት ተራውን እየጠበቀ በጠረጴዛው ላይ በጣቱ ችክችካ ይመታ ነበር። ሰርገኛን ከመቀመጫው የሚያስነሣ፣ ወዝ ያለው ምት ነው። ተራው ደርሶ ማሽኑ ፊት ተቀመጠ፤ የመቅጃዋን ቁልፍ ይዞ የማስጀመሪያዋን ተጫነ፤ ማሽኑ አንድ ባር ቆጠረለት፤ ልጁም ያንኑ ምት በላስቲኮቹ ላይ መታ። ሁለቱ ባር አልቆ ዙሩ ሲመለስ ግን በጠረጴዛው ላይ የሰማሁትን ምት አልሰማሁም። የሚያነክስ፣ እንደ ሰልፍ እርምጃ የደረቀ ነገር ነበር። ወጣቱ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ ተሳስቼ ነው» አለኝ። ደግሞ መታ። ምቱ ደግሞ አነከሰ። «እጄ አልለመደም መሰለኝ» አለ።

እጁስ ለምዷል። ከማሽኑ ጋር ሳይተዋወቅ ገና በልጅነቱ ለምዷል። ያልተነገረው ነገር ግን ነበር።

ሲኩዌንሰር ድምፅ አይቀዳም። የሚቀዳው ትእዛዝ ነው፤ የትኛው መምቻ፣ መቼ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተመታ ይጽፋል። የዜማ ሊቃውንት ከፊደሉ በላይ የሚያኖሯቸው ምልክቶች ራሳቸው ድምፅ ሳይሆኑ ለድምፁ መሪ እንደሆኑት ማለት ነው። «መቼ» የሚለውን ለመጻፍ ደግሞ ጊዜን ይቆራርጣል። አካይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ፣ አሜሪካዊው ሮጀር ሊን የነደፈውን ኤም ፒ ሲ 60 እ.ኤ.አ. በ1988 ሲያወጣ አንዱን ምት በ96 ነቁጥ ከፍሎ ነበር። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን አንዱ ነቁጥ ከ5 ሚሊ ሴኮንድ ጥቂት ቢበልጥ ነው። የሰውን እጅ ለመጻፍ ይህ ደኅና ብዕር ነው። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ማሽኑ ከሳጥኑ እንደወጣ ሲከፈት እጃችን የጻፈውን እንዳለ አይተወውም፤ እያንዳንዱን ምት በአቅራቢያው ወዳለ መስመር ይጎትተዋል። መስመሮቹ የተሰመሩት አንዱን ምት በአራት እኩል በመክፈል ነው፤ ከ0 ተነሥተው በ24፣ በ48 እና በ72 ላይ ይቆማሉ።

ችክችካ ግን ምቱን የሚከፍለው በሦስት ነው። እጅ የመጀመሪያውን ሲሶ አጥብቆ፣ ሦስተኛውን ቀለል አድርጎ ይመታል። በ96ቱ ነቁጥ ስናሰላው የመጀመሪያው በ0፣ ቀለል ያለው በ64 ላይ ያርፋል ማለት ነው። 64 ከ72 የሚርቀው በ8 ነው፤ ከ48 የሚርቀው በ16። ማሽኑ ታዲያ ቅርቡን መርጦ ወደ 72 ይወስደዋል። ስምንት ነቁጥ ባልነው ፍጥነት 42 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው። ወጣቱ በትክክለኛው ቦታ ያስቀመጣትን ምት ማሽኑ በየዙሩ 42 ሚሊ ሴኮንድ አዘገየበት። ከዚያም ይቅርታ የጠየቀው ልጁ ሆነ!

ይህን የሚያስተካክለው አንድ ገጽ በእንግሊዝኛው መመሪያ ውስጥ ነበር። እኔም ተርጉሜው በቦርሳዬ ይዤዋለሁ። መስመሮቹ በአራት ሳይሆን በሦስት እንዲሰመሩ ማድረግ፣ አለዚያም መጎተቱን ጨርሶ ማጥፋት ይቻላል ይላል። አጠፋነው። ልጁ ሦስተኛ ጊዜ ሲመታ በክፍሉ የነበሩት ጓደኞቹ ሳያስቡት ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ። ምስክር ቢያስፈልገኝ እነዚያን ትከሻዎች እጠራለሁ።

ይህ ጎታች አሠራር በኤም ፒ ሲዎቹ ላይ የተሰጠው ስም ቃል በቃል ሲመለስ «የጊዜ ማረሚያ» ይሆናል። በመጀመሪያው ረቂቄ እኔም እንደዚያ ነበር የጻፍኩት። ከዚያ ክፍል ስመለስ ግን ቃሉን ሰረዝኩት። በእኛ ቋንቋ ማረም ሁለት ነገር ነው፤ ጽሑፍ ይታረማል፣ አዝመራም ከአረም ይታረማል። በሁለቱም የሚወገደው መኖር ያልነበረበት ነገር ነው። ወህኒ ቤትን ማረሚያ ቤት ማለት ከጀመርን ወዲህ ደግሞ ቃሉ ሌላ ሸክም ጨምሯል። «ማረሚያ» የሚል ጽሑፍ በማሽን ላይ ያነበበ ወጣት፣ ምቱ ሲዛባበት ስሕተቱን በራሱ ጣት ላይ ቢፈልግ ምን ይፈረድበታል? ማሽኑ ግን የሚያርመው ስሕተት የለም። ስሕተቱንና ትክክሉን መለየት አይችልም። የሚያውቀው ቅርብና ሩቅ ብቻ ነው። ስለዚህ «ማስጠጊያ» ብዬ ተረጎምኩት፤ ምትን ወደ መስመር ማስጠጊያ። «ይህ መሣሪያ ምትዎን ወደ መስመሩ ያስጠጋል» የሚል ዐረፍተ ነገር ያነበበ ሰው ቢያንስ፣ «የማን መስመር? የቱ መስመር?» ብሎ ይጠይቃል።

ከእሱ ጎን የቆመ ሌላም ቃል ነበረ። አሁን የምንነጋገርበትን አቀዳድ እንግሊዝኛው «በእውነተኛ ጊዜ መቅዳት» በሚመስል አነጋገር ይጠራዋል። ቃል በቃል ቢመለስ አማርኛ አይሆንም፤ እውነተኛ ጊዜ ካለ ሐሰተኛ ጊዜ የት አለ ያሰኛል። «እየተጫወቱ መቅዳት» አልኩት። ተቃራኒው «አንድ በአንድ ማስገባት» ነው፤ ማሽኑ ቆሞ ሳለ ድምፁንና ርዝመቱን በቁጥር እየመረጡ ማስገባት። በታሪክ የቀደመው ይህ ሁለተኛው ነው። ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው ማይክሮኮምፖዘር ኤም ሲ 8 ሙዚቃን የሚቀበለው እንደ ሒሳብ መኪና ባለ የቁጥር ሰሌዳ ነበር። ድምፁ ቁጥር፣ ርዝመቱም ቁጥር ነው። ሰው ተጫውቶ እንዲቀዳ የሚያስችሉት ማሽኖች በየሙዚቀኛው እጅ ሲገቡ ትልቅ ነጻነት ነበር፤ የፒያኖ ልጅ በፒያኖ፣ የከበሮ ልጅ በጣቱ መናገር ቻለ። የሚያሳዝነው፣ ያ በር ተከፍቶልን ሳለ እኛ በበሩ ገብተን እዚያው ደጃፉ ላይ ጣታችንን መልሰን ለቁጥር ማስረከባችን ነው።

አሁን ወደ ከሳሾቹ ልመለስ። «ማሽን ነፍስ የለውም» ይላሉ። የለውም፤ ነፍስ አለው ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ክራርስ ቆዳና እንጨት አይደለችም? ከዋልያስ ባንድ ጋር እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ የሄደውና በዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ፣ በ1985 ብቻውን ተቀምጦ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶችና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሰማው። ከዚያ በአንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እዚያው ዋሽንግተን አካባቢ አድማስ የተባለው ቡድን በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን የሠራው «የኢትዮጵያ ልጆች» በ2020 እንዲሁ ዳግም ታትሟል። በእነዚህ ሥራዎች ማሽኑ እንደ ታማኝ ዘበኛ ምቱን ይጠብቃል፤ ከላዩ የሚጫወተው እጅ ግን የፈለገውን ያህል ይቀድማል፣ ይዘገያል። አኮርዲዮንን ወደ መስመር የሚያስጠጋ ቁልፍ አልነበረማ! ማሽንና ወዝ በአንድ ካሴት ሊኖሩ እንደሚችሉ የራሳችን ሰዎች አርባ ዓመት ቀደም ብለው ካሳዩን፣ ጥያቄው ማሽን ይኑር አይኑር ሊሆን አይችልም።

በዚህ ረገድ ከእኛ ቤት ውጭም ትምህርት አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ያረፈው የዲትሮይቱ ጄይ ዲላ ኤም ፒ ሲ 3000ውን የሚመታው ከመስመሩ ጋር እየተጣላና እየታረቀ ነበር። ያ ማሽን ዛሬ በዋሽንግተን በ2016 በተከፈተው የአፍሪካ አሜሪካውያን የታሪክና የባህል ብሔራዊ ሙዚየም ተቀምጧል። ዳን ቻርናስ በ2022 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የዲላ ጥበብ መጎተቻውን ከማጥፋት የረቀቀ እንደነበረ፣ እኩል የተከፈለውንና ያልተከፈለውን ምት ሆን ብሎ ያጋጭ እንደነበረ ይሟገታል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ቁልፉን ማጥፋት ብቻውን ጥበብ አይሆንም። ቁልፉ እንዳለ ማወቅ ግን የጥበብ መጀመሪያ ነው። የሊን ማሽኖች «ስዊንግ» የሚሉት ቅንብር ከ50 እስከ 75 በመቶ ይደርሳል። መስመሩ ምቱን በሁለት እንዲከፍል ተደርጎ ቁጥሩ ወደ 66 ሲጠጋ ሁለተኛዋ ምት ከሦስተኛው ሲሶ ላይ ታርፋለች። ይህ ደግሞ ቅድም በ64 ላይ ያገኘናት የችክችካ ምት ናት። ማሽኑ የእኛን ምት አያውቅም እያልን ስናማርር ምቱ እዚያው ሣጥን ውስጥ ቁጥር ተሰጥቶት ተቀምጦ ነበር።

ሌላው ተቃዋሚ ደግሞ ከስቱዲዮ በኩል ይመጣል። «42 ሚሊ ሴኮንድ ማን ይሰማዋል? አድማጩ የሚፈልገው ግጥምና ዜማ ነው» ይላል። ይህን የሚል ሰው ሰርግ ላይ አጨብጭቦ የማያውቅ መሆን አለበት። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ42 ሚሊ ሴኮንድ ከ14 ሜትር በላይ ይሄዳል ማለት ነው። ከድንኳኑ ወዲያኛው ጫፍ 14 ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ከበሮውን ሰምቶ ሲያጨበጭብ፣ ከበሮው አጠገብ ላለነው ጭብጨባው የሚዘገይብን ከዚህም በላይ ነው። ያን ጊዜ ማንም የሙዚቃ ትምህርት ያልተማረ እናት ዘወር ብላ በግንባሯ ታርመዋለች። እዚህ ላይ ማረም የሚለው ቃል ቦታውን ይዟል፤ አራሚዋ ምቱን ታውቀዋለችና።

ሦስተኛው መከራከሪያ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው፤ እውነት አለበት። አስተማሪዎቹ፣ «ለጀማሪ መጎተቻው ይጠቅመዋል፤ እጁ ያልጸና ልጅ ያለሱ ቢቀዳ ሥራው ሁሉ ይበተንበታል፣ ተስፋ ይቆርጣል» ይላሉ። ልክ ናቸው። እኔም ሰው ሲማር ቢደገፍ አልጠላም። ታዲያ የምርኩዙን መኖር ለልጁ ንገሩት! ምርኩዝ መያዙን ያላወቀ ልጅ እግሩ የተፈጠረው እንደዚያ ይመስለዋል። ደግሞም ምርኩዙ የልጁ ቁመት ይሁን፤ ችክችካ ለሚመታ ልጅ ምቱን በሦስት የሚከፍል መስመር ስጡት፤ በአራት የሚከፍለውን ሰጥታችሁ አንካሳ ነህ አትበሉት።

ማሽኑ ጉድለት የለበትም ማለቴ እንዳልሆነ ልብ ይባልልኝ። በአቋቋም መረግዱ ወደ ጽፋት ሲያልፍ የከበሮውና የጭብጨባው ፍጥነት እያደገ እንደሚሄድ የምናውቅ ሰዎች፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍጥነት የሚቆጥር ሣጥን ሲገጥመን ጠባብ ቢመስለን ትክክል ነን። ፍጥነቱን በየባሩ መለወጥ የሚቻልባቸው ማሽኖች ቢኖሩም፣ አብሮ እየጋለ የሚሄድን ማኅበር በቁጥር መጻፍ ሌላ ነገር ነው። የቅኝቱንም ጣጣ ዛሬ አልነካውም፤ ራሱን የቻለ ሙግት ነው። የማሽኑን ጠባብነት በትክክል ሊነግረን የሚችለው ግን ስፋቱን ለክቶ የጨረሰ ሰው ነው። እኛ ገና በመጀመሪያው ቁልፍ ላይ ነን።

ያቺ ግማሽ ደቂቃ ታዲያ እንዴት ትለፍ? ልጁ ማሽኑን ሳይነካ ምቱን በጠረጴዛ ላይ ይምታ፤ በስንት እንደሚከፈልም ራሱን ይጠይቅ። ፍጥነቱን ከቁጥር አይጀምር፤ በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ በጣት እየመቱ ፍጥነት የሚሰጡባት ቁልፍ አለችና የራሱን ፍጥነት ይስጥ። ማሽኑ ስንት ባር እንደሚዞርና ስንት ባር እንደሚቆጥርለት ይወቅ። ኤም ፒ ሲው እንዲሁ ሲከፈት አጭር ዙር ይሰጣል፤ የኮርግ ትራይተን ዐይነት ኪቦርዶች ደግሞ መቅዳት ከመጀመሩ በፊት ሁለት ባር ይቆጥራሉ። ቆጠራውን የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያዎቹን ምቶች አየር ላይ ይበትናቸዋል። ማስጠጊያውን ይመልከት፤ ያጥፋው ወይም ለምቱ የሚስማማውን መስመር ይምረጥ። ከዚያ በኋላ ይቅዳ። አንዴ የቀዳው ላይ ሌላ ሊጨምር ሲፈልግም እንደገና የመቅጃዋን ቁልፍ አይጫን፤ እሷ የቀድሞውን እያጠፋች ትሄዳለች። ለመደረብ የተሠራች ሌላ ቁልፍ አለች። (በዚህች ስሕተት ብቻ ስንት ደኅና ጨዋታ እንደጠፋ የስቱዲዮ ሰዎች ይመስክሩ።) ይህ ሁሉ ሲነገር ረዘመ እንጂ ሲሠራ ግማሽ ደቂቃ ነው።

የመመሪያው መጨረሻ ምን ሆነ? ታትሞ ስቀበለው «ማስጠጊያ» በየገጹ ተሰርዞ «ማረሚያ» ተመልሷል። «እየተጫወቱ መቅዳት» ወደ አንድ አንቀጽ አጥሯል፤ «አንድ በአንድ ማስገባት» አራት ገጽ ይዟል። መስመሩን ስለ መምረጥና ስለ ማጥፋት የሚናገረው ገጽ ደግሞ የለም። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ «ለጀማሪ አያስፈልግም፣ ያደናግራል» ተባልኩ። ተርጓሚ ቃሉ ቢለወጥበት ለምዶታል፤ በዚያ ብቻ ብዕር አላነሣም ነበር። ገጹ መቅረቱን ግን አልቀበልም። ያ ገጽ በሌለበት መመሪያ የሚማር ልጅ ሁሉ ከአባቱ የወረሰውን ምት በማሽኑ ላይ በትክክል መትቶ፣ ተዛብቶ ሲመለስለት ይቅርታ መጠየቁን ይቀጥላል። መምህሩም ይቅርታውን ይቀበለዋል፤ መምህሩ ራሱ የተማረው ከዚያው መመሪያ ነውና።

መመሪያው ዳግመኛ ሊታተም እንደታሰበ ሰምቻለሁ። አሳታሚዎቹን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ቃሌን ባይወዱት የተሻለ ይፈልጉ፤ «ማረሚያ» ብቻ አይሁን። ገጹን ግን ይመልሱ። ትርጉሙ እጄ ላይ አለ፤ ዋጋም አልጠይቅበትም። እስከዚያው ድረስ ገጹን በወረቀት አባዝቼ ለዚያ ክፍል ልጆች ሰጥቻቸዋለሁ። ችክችካ የሚመታው ልጅ በማሽኑ ክዳን ውስጠኛ በኩል በፕላስተር ለጥፎታል።